አስራ አንደኛው ድምፅ

አንድ ጊዜ የአንድ ሸለቆ እንስሳት ሃያ አንድ እንደራሴዎች መርጠው ሸንጎ አቋቋሙ። ሸንጎው ከትልቅ ሾላ ሥር እየተሰበሰበ ሕግ ያወጣል፤ የሸለቆውን መሪ የሚሾመውም የሚሽረውም እሱ ነው። ለዚህም አስራ አንድ ድምፅ ይበቃል። ከሕጎቹ ሁሉ የሚበልጠው «ማንም ጉዳዩ በሸንጎ ሳይሰማ አይታሰርም» የሚለው ነበር። መሪው አንበሳ፣ አማካሪው ቀበሮ፣ የጥበቃው አዛዥ ጅብ ነበሩ። ከእንደራሴዎቹ አንዷ ኤሊ ደግሞ አፈ ጉባኤ ነበረች።

በድርቁ ዓመት አንበሳ ብቸኛውን ምንጭ ለራሱና ለዘመዶቹ ከለለው። እንደራሴዎቹ ማጉረምረም ሲጀምሩ ሥልጣኑን እንዳያጣ ሰጋ።

«ጌታዬ፣ ከፈሩ ስለ ውሃ የሚያነሳ አይኖርም» አለው ቀበሮ።

በማግስቱ ቀበሮ እያለከለከ ሸንጎው መሀል ገባ።

«ነብር መጥቷል! ከመካከላችን በስውር የሚረዱት አሉ! ጥበቃው የጠረጠረውን ሁሉ ያለ ሸንጎ ይያዝ። ለአንድ ወር ብቻ ነው!»

«ነብሩን ያየው ማን ነው?» አለች ከእንደራሴዎቹ አንዷ አህያ።

ጅብ ጥርሱን አሳያት። «አንቺ ለምን ጠየቅሽ?»

ሁሉም አቀረቀሩ። ድምፅ ሲሰጥ ከአህያ በቀር እጁን ያላወጣ አልነበረም።

መጀመሪያ የተወሰደችው ስለ ምንጩ ደጋግማ የተናገረችው ሚዳቋ ናት። ጅብ በጠራራ ፀሐይ አንገቷን ይዞ ወደ ዋሻው ሲጎትታት ጎረቤቶቿ ሁሉ ሌላ ነገር የሚያዩ መሰሉ። ቀጥሎ ጥንቸል ተያዘች፤ ከዚያ ከርከሮ። ወሩ አለፈ፤ ማሰሩ ግን አልቆመም። እንስሳቱ ሰላምታ መለዋወጥ ተዉ፤ እናቶች ጅብ ሲያልፍ የልጆቻቸውን አፍ ያፍኑ ነበር። ወደ ዋሻው ከገቡት አንድም የወጣ የለም።

አህያ ወደ ኤሊ ሄደች።

«እመት ኤሊ፣ ሸንጎውን ጥሪልኝ። በመሪው ላይ ድምፅ ይሰጥ።»

«ልጄ፣ ከእንደራሴዎቹ ሰባቱ ተወስደዋል። ከቀረነው አስራ አራት ሦስቱ የአንበሳ ዘመዶች ናቸው። አንዳችን ብንፈራ ሁላችንም አለቀልን።»

«ሸንጎ መጥራት ሥልጣንሽ አይደለም?»

ኤሊ አንገቷን ወደ ድንጋይ ልብሷ አስገባች። ቆይታ ብቅ አለች።

«ሥልጣኔስ ነው። ግን እፈራለሁ።»

«እኔም እፈራለሁ» አለች አህያ።

ሸንጎው በተሰበሰበ ዕለት የሸለቆው እንስሳት ሁሉ ዙሪያውን ቆመው ያዳምጡ ነበር። ጅብ አህያን ከእግር እስከ ራሷ እያየ ምራቁን ይውጣል። አህያ ግን ተነሳች።

«የታሰሩት ይቅረቡና ቃላቸው ይሰማ!»

ቀበሮ ለጅብ ዓይኑን ጠቀሰው፤ ጅብ አልገባውም።

«አይቻልም» አለ።

«ለምን?»

«የሉማ!»

«የት ሄዱ?»

«የትም አልሄዱም። አያ ቀበሮ ‹ማንም እንዳያገኛቸው አድርገህ ደብቃቸው› አለኝ። እኔም ከሆዴ የተሻለ መደበቂያ አጣሁ።»

ከሕዝቡ መሀል የሚዳቋ እናት ጮኸች። አንበሳ አገሳ፤ ቅጠል ረገፈ።

«ስብሰባው ተበትኗል!»

«ስብሰባ የሚበትነው አፈ ጉባኤ ነው» አለች ኤሊ። «ጌታዬ፣ ይቀመጡ። መሪው ይሻር የምትሉ እጃችሁን አውጡ።»

አህያ አወጣች። ጦጣ አወጣች። አንበሳ እያንዳንዱን ዓይን ዓይኑን እያየ ዞረ፤ የወጡት እጆች ግን ቀስ እያሉ ጨመሩ። በመጨረሻ በግ ዓይኗን ጨፍና አወጣች።

«አስር!» ብሎ ሳቀ ቀበሮ። «አልሞላም!»

«እኔም እንደራሴ ነኝ» አለች ኤሊ። አጭር እግሯን አነሳች። «አስራ አንድ።»

አንበሳ ጥፍሩን አወጣ። ከዚያ ዙሪያውን የቆሙት ጎሾች ቀንዳቸውን ዝቅ አድርገው አንድ እርምጃ ቀረቡ። አንበሳ ቀበሮን ፈለገ፤ ቀበሮ ግን ጥሎት ሸሽቷል። አንበሳም ጅራቱን ቆልፎ ከሾላው ሥር ወጣ።

«ጅብን እንቦጫጭቀው!» አለ ሕዝቡ።

አህያ መንገዱን ዘጋች። ጅብን ከሁሉም አብልጣ የምትፈራው እሷ ነበረች።

«አይሆንም። ታስሮ ይቅረብ፤ እሱም ቃሉን ይስጥ።»

ምንጩ በዚያው ቀን ተከፈተ። እንስሳቱ ተሰልፈው ጠጡ፤ የዘፈነ ግን አልነበረም፤ ለጅብ ሥልጣኑን የሰጡት በራሳቸው እጅ እንደነበር ሁሉም ያውቁ ነበርና።

ከዚህ የምንማረው ፈርተን የሌላውን መብት አሳልፈን ከሰጠን የራሳችንንም እንደምናጣ፣ ሕግም የሚጠብቀን እኛ እየፈራንም ቢሆን ስንቆምለት መሆኑን ነው።