ያልተጠጣበት ጽዋ

በጃፓን አገር አንድ ሀብታም ሰው ነበረ፤ ሸክላ ሠሪ ወዳጅም ነበረው። ሸክላ ሠሪው አንድ የሻይ ጽዋ በእጁ ሠርቶ፣ በእሳት ተኩሶ፣ «ጠጣበት» ብሎ ሰጠው።

ሀብታሙ ጽዋውን ሲያይ ልቡ ተማረከ። እንዲህ ያለውን ነገር ማን ደፍሮ በየቀኑ ያጥባል? በሐር ጠቅልሎ፣ በሳጥን ከቶ፣ ከፍ ካለው መደርደሪያ ላይ አኖረው። የዕለት ሻዩን ከገበያ በገዛው ተራ ጽዋ ይጠጣ ነበር። ወዳጁን ያከበረ መስሎት ደስ ይለው ነበር፣ ምስኪን።

ዓመታት አለፉ። ሸክላ ሠሪው አረጀ፤ ደረቱን ታመመ፤ እጁም ጭቃ መያዝ ተሳነው። መሞቻው እንደ ደረሰ ባወቀ ጊዜ በበረዶ ውስጥ እየሳለ መጣና፣ «በዚያ ጽዋ አንድ ጊዜ አጠጣኝ» አለ።

ሀብታሙ ይህን ቀን ሲጠብቅ የኖረ መሰለው። እንደ አገሩ ደንብ የሻይ ክፍሉን ጠርጎ፣ ውሃ አፍልቶ፣ ሐሩን ፈታ። አረንጓዴውን የሻይ ዱቄት በቀርከሃ መምቻ አረፋ እስኪያወጣ መታው። ከዚያም ተንበርክኮ የጽዋውን ያማረ ጎን ወደ ወዳጁ አዙሮ አቀረበለት። ሽማግሌው በሁለት እጁ ተቀበለ። ሻዩ ግን ከጽዋው ሥር እየሰረገ በጣቶቹ መካከል ወረደና ልብሱን አራሰው።

«ተሰንጥቋል!» አለ ሀብታሙ ደንግጦ። «እኔ እኮ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የጠበቅሁት!»

«አልተሰነጠቀም» አለ ሸክላ ሠሪው። «የእኔ ሸክላ አዲስ ሲሆን ያፈሳል። በየቀኑ ሲጠጡበት ሻዩ ራሱ በዓይን የማይታዩትን ቀዳዳዎቹን ይደፍናቸዋል። አንድም ቀን አልጠጣህበትም ማለት ነው። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት እጅህ ውስጥ ያለሁ እየመሰለኝ ነበር የምጽናናው።»

የቀረችውን ጉንጭ ጠጥቶ ሄደ። በረዶው ሳይቀልጥ ሞተ።

ሀብታሙ ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ በዚያ ጽዋ መጠጣት ያዘ። መጀመሪያ እያፈሰሰ እጁን ያቃጥለው ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ማፍሰሱን ተወ። ጠብታ የማይወጣው ጽዋ ሆነ። ለማን ያሳየው? ብቻውን ተቀምጦ እየጠጣ ያለቅስ ነበር።

አንተም፣ ልጄ አያልነህ፣ «እናቴን ትልቅ ቤት ውስጥ አስቀመጥኋት፤ ሠራተኛ ቀጠርሁላት፤ እጇን ሥራ እንዳይነካት አደረግሁ። ታዲያ ምን ጎደለባትና ታለቅሳለች?» ብለህ እኔን የነፍስ አባትህን ጠየቅኸኝ። በሐር ጠቅልለህ መደርደሪያ ላይ አወጣሃት እንጂ ምን አደረግህላት! ምክር አትጠይቃትም፤ «ይህን አድርጊልኝ» አትላትም። ለበዓል በግ ይዘህ ትሄድና ሁለታችሁም ወሬ አጥታችሁ ግድግዳ ታያላችሁ። ማፍሰስ ማለት ይኸው ነው። እሷ ግን ዛሬም አለች። ተነሥና ሂድ። ምንም አትያዝ። ደጇ ላይ ቆመህ፣ «እማዬ፣ ራበኝ» በላት።