ከንፈራቸው የወዛ ልጆች

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ በሩን ክፈቱልኝ። ካልከፈታችሁልኝም ግድ የለም፣ በስንጥቁ አስገባዋለሁ። ስንጥቅ የሌለው ቤት እንደሆነ የለም።

እማዋይሽ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ አዱኛ እንጨት ሲፈልጥ ምሳሩ እግሩ ላይ አርፎበት መደብ ላይ ከዋለ ሰንብቷል፤ መሬቱም ጦሙን አድሯል። ወሩ ነሐሴ ነው፤ የአምናው እህል ያለቀበት፣ የዘንድሮው ያልደረሰበት። በዚያ መንደር ነሐሴ ሲገባ ሰው ሰውን በጎን ያያል። ያለው የለኝም ይላል፣ የሌለው አለኝ ይላል፣ ጎረቤት የጎረቤቱን ጭስ ይጠብቃል። የእማዋይሽ ሁለት ልጆች ጠዋትም ጎመን፣ ማታም ጎመን ሆነባቸው። ትንሹማ ከመክሳቱ የተነሳ የእጁ አምባር እየወለቀ ይወድቅ ጀመር። «አንድ ቁና ገብስ ባገኝ፣ በሶ አድርጌ ከጎመኑ ጋር እያብቃቃሁ እሸት አደርሳቸው ነበር» አለች። የፈለገችው ይኸው ነው፤ አንድ ቁና ገብስ።

ከመንደሩ ትልቁ ጎተራ የአያ ጓንጉል ነው። ዙሪያውን በእሾህ አጥረውታል። ሌባ ፈርተው ነው ይባላል። እማዋይሽ ልጆቿን አስከትላ ሄደች።

«አያ ጓንጉል፣ አንድ ቁና ገብስ ያበድሩኝ። ለመኸር እመልሳለሁ።»

ጓንጉል ከእሾኹ ፊት ቆመው ልጆቹን አዩዋቸው። የሁለቱም ከንፈር ይወዛል። «እነዚህ ልጆች ምን በልተው ነው እንዲህ የወዙት?» አሉ። እማዋይሽ መሬት መሬት አየች። «ያለ ዋስ አንድ ፍሬ አይወጣም። ዋስ ጥሪ» አሉና ወደ እሾኹ ተጠጉ። እሷም በሆዷ፣ ይህን ሁሉ ገብስ ታቅፎ ለአንድ ቁና ዋስ የሚል ንፉግ፣ እያለች ሄደች። የሰው ፊት እሳት ነው የሚባለው እውነት ነው፤ ጉንጮቿ ቤት እስክትደርስ ነደዱ።

ጎረቤቷ ደብሪቱ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። ደብሪቱ ሰላምታ ሲሰጧት እንኳ የለኝም ብላ የምትመልስ ሴት ናት። እማዋይሽ «ደብሪቱ፣ አያ ጓንጉልን ገብስ ብላቸው ዋስ አሉኝ። ዋስ ሁኚኝ» አለቻት።

«ዋስ?» አለች ደብሪቱ፤ እሷም ዓይኗ የልጆቹ ከንፈር ላይ ነው። «ዶሮዬ ከጠፋች ሰንብታለች። የልጆችሽ ከንፈር ከወዛም ሰንብቷል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ።»

«ዶሮሽን አልበላሁም።»

«እንግዲያ የሸማኔው የዘገየ ውሻ ነዋ የበላት። ዘገየ ይምጣና ይናገር። የዶሮዬ ነገር ሳይታወቅ ዋስ አልሆንም። ደግሞስ እኔ ምን አለኝ? ነሐሴን በውሃ ነው የምገፋው።»

እማዋይሽ ወደ ዘገየ ሄደች። ዘገየ እግሩን ከሸማ ጉድጓዱ ከቶ ይውላል። ውሻው ደፋር አጠገቡ ታስሯል። «ዘገየ፣ አያ ጓንጉልን ገብስ ብላቸው ዋስ አሉኝ፤ ደብሪቱን ዋስ ብላት ዶሮዬ አለችኝ። ውሻህ ዶሮዋን እንዳልበላ ሄደህ ንገርልኝ» አለችው።

ዘገየ መወርወሪያውን አቆመ። «ውሻዬን ሌባ ያለች ደብሪቱ ናት? ደፋር አጥንት እንጂ ዶሮ አያውቅም። ግን እኔ ብናገር ለውሻው አዳላ እባላለሁ። ከማማው ላይ ሆኖ መንደሩን ሁሉ የሚያየው ጠባቂው ቢያዝን ነው። ቢያዝን ሳይመሰክር ከጉድጓዴ አልወጣም» አለ። መወርወሪያውን ሊወረውር ሲል ቀና ብሎ «ለመሆኑ እነዚህ ልጆች ምን በልተው ነው?» አላት። እማዋይሽ ያልሰማች መስላ ወጣች።

ቢያዝን ሰብል ጠባቂ ነው። ወንጭፉን አንግቶ ማማው ላይ ተሰቅሎ ይውላል፣ ዝንጀሮ ይጠብቃል። እማዋይሽ ከታች ሆና አንጋጠጠች። «ቢያዝን፣ አያ ጓንጉልን ገብስ ብላቸው ዋስ አሉኝ፤ ደብሪቱን ዋስ ብላት ዶሮዬ አለችኝ፤ ዘገየን ውሻህ ብለው ጠባቂው አለኝ። ያየኸውን ተናገርልኝ።»

«ዝም አይነቅዝም» አለ ቢያዝን ከላይ።

«አይተሃል ማለት ነው?»

«ማየትማ አይቻለሁ። ግን ባለወፍጮው አባ ደምለው፣ ቢያዝን ማማው ላይ ይተኛል ብለው አስወርተውብኛል። የተኛ ሰው ምን ያያል? ብመሰክር መሳቂያ ነው የምሆነው። እሳቸው ቃላቸውን ይመልሱ፣ ያኔ አፌን እከፍታለሁ።»

እማዋይሽ ማማውን ቀና ብላ አየችው። ይህም አንድ ነገር ደብቋል፣ አለች በሆዷ። ደክሟታል፤ ግን የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፣ ልጆቿን ይዛ ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረደች።

የአባ ደምለው የውሃ ወፍጮ ቆሟል። የሚፈጭ ከሌለ ድንጋዩ ምን ይዞራል? አባ ደምለው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ወሬ ይጠብቃሉ። መንደሩ ወሬውን የሚያስፈጨው እሳቸው ዘንድ ነው፤ ጠዋት የሰሙት ማታ በየቤቱ ይደርሳል። እማዋይሽ ይህን ስለምታውቅ ገና ከሩቅ ልቧ ፈራ።

«አባ ደምለው፣ አያ ጓንጉልን ገብስ ብላቸው ዋስ አሉኝ፤ ደብሪቱን ዋስ ብላት ዶሮዬ አለችኝ፤ ዘገየን ውሻህ ብለው ጠባቂው አለኝ፤ ቢያዝንን ያየኸውን ብለው ስሜ አለኝ። እባክዎ፣ ስለ ቢያዝን ያሉትን ይመልሱለት።»

አባ ደምለው ጢማቸውን ዳሰሱ። «እመልሳለሁ፤ ምን ቸገረኝ። ግን አንቺም አንድ ነገር መልሺልኝ። ከሰኔ ወዲህ እህል ይዘሽ ወደዚህ ወፍጮ አልወረድሽም። የልጆችሽ ከንፈር ግን ይወዛል። ምንድን ነው የምታበያቸው?»

ይኸው፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እሷው አፍ ላይ መጣ። ለኚህ ሰው መንገር ለመንደሩ ሁሉ መንገር ነው። ዛሬ ማታ በየደጁ ከንፈር ይመጠጥላታል። ነገ ልጆቿን የድሃ ልጆች ይሏቸዋል። ወደ ቤቷ የሚወስደውን መንገድ አየች፣ ልትሄድም እግሯን አነሳች። የትንሹ አምባር ወልቆ ድንጋዩ ላይ ሲወድቅ ሰማች። ልጁ ጎንበስ ብሎ አነሳና መልሶ አጠለቀው፤ ልማዱ ስለሆነ ምንም አልመሰለውም። እናቱ ግን ያነሳችውን እግር መለሰች።

«ምንም አላበላቸውም» አለች። «ጎመን ነው። የዘይት ቀንዳችን ጥግ ላይ የቀረች ቅባኑግ አለች። ከቤት ሲወጡ በጣቴ ነክቼ ከንፈራቸውን እቀባቸዋለሁ። ሰው አይቶ በልተዋል እንዲል። እንዳንናቅ ብዬ ነው።»

አባ ደምለው ብዙ ወሬ ሰምተዋል፤ እንዲህ ያለውን ግን ገና መስማታቸው ነው። ከንፈራቸውን አልመጠጡም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አሉ ቀስ ብለው። «እኔም ተቀምጬ ያንቺን ልጆች ከንፈር ሳማ ነው የከረምኩት።» ዱላቸውን አነሱና ተነሱ።

ከዚያማ ነገሩ እንደመጣ ተመለሰ። አባ ደምለው ከማማው ስር ቆመው፣ ቢያዝን አይተኛም፣ ያልኩት ውሸት ነው፣ አሉ። ቢያዝንም «አልፎ አልፎ እንኳ ሸለብ ያደርገኛል፤ የዚያን ቀን ግን ዝናቡ አላስተኛኝም። የደብሪቱ ዶሮ በአያ ጓንጉል እሾህ ስር ሾልካ ገባች። ስትወጣ አላየሁም» ብሎ መሰከረ። ቢያዝን ቢመሰክር ዘገየ ከጉድጓዱ ወጣ፣ ደፋርንም ፈታ። ዘገየ ቢወጣ ደብሪቱ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች። ሁሉም ተከታትለው ከአያ ጓንጉል ጎተራ ፊት ቆሙ።

«እሾኼን ማንም አያነሳም» አሉ ጓንጉል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«አይተው ይሆናላ፣ ዶሮዬን!» አለች ደብሪቱ።

«ዶሮ አላየሁም። ዞር በሉልኝ።»

ሰዉ ተያየ። ይኸውላችሁ ሌባው፣ ያላለ ሰው የለም፤ አፍ አውጥቶ ያለ ግን የለም። ያን ጊዜ ደፋር አፍንጫውን ከእሾኹ ስር ቀበረ፣ ከውስጥም ዶሮ ተቆጣች። ዘገየ በመንሽ እሾኹን ገለል ሲያደርገው፣ ከጎተራው እግር ስር ዶሮዋ ጫጩቶቿን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሸለምጥማጥ የማይደርስበት፣ ሰው የማይጠጋው ቦታ መርጣ፣ ተደብቃ ታቅፋ ኖሯል። ደብሪቱ ልታነሳት ጎንበስ ስትል ትከሻዋ ጎተራውን ገጨው። ጎተራው እንደ ከበሮ ጮኸ።

ሙሉ ጎተራ አይጮኽም። ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም።

ጓንጉል ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «ከሐምሌ ጀምሮ ባዶ ነው» አሉ። «እሾኹን ያጠርኩት ሌባ ፈርቼ አይደለም፤ ሰው ቀርቦ እንዳያንኳኳው ነው። ዋስ ያልኩሽም ዋስ የምትሆንሽ ደብሪቱ ብቻ ስለሆነች፣ እሷ ደግሞ እሺ እንደማትል ስለማውቅ ነው፣ እማዋይሽ። እኔም ጎመን ነው የምበላው።»

እማዋይሽ ልትቆጣ ፈልጋ ነበር፤ ቁጣው አልመጣ አላት። ቀኑን ሙሉ በሆዷ ስትረግማቸው የዋለች ናት፣ አሁን አሳዘኗት። «እኔም የልጆቼን ከንፈር ቅባኑግ ስቀባ ነው የከረምኩት» አለች፣ ሁሉም እየሰማ። ሁለተኛው ጊዜ እንደ መጀመሪያው አልከበዳትም።

ደብሪቱ ጫጩቶቹን በነጠላዋ ሰብስባ ቆማለች። ሌባ ያለቻትን ሴት ታያለች፤ የትንሹን እጅ ታያለች፤ መሬት ታያለች። «ጓሮዬ፣ ከአመዱ ክምር ስር ጉድጓድ አለ» አለች በመጨረሻ። «ገብስ ነው። የለኝም የምለው ሁሉም እንዳይመጣብኝ ፈርቼ ነው።» ሁሉም አፉን ከፍቶ አያት። በነሐሴ ስታለቅስ የኖረች እሷ ናት። «እሰጣለሁ፤ ለእማዋይሽ አንድ ቁና፣ ለአያ ጓንጉልም አንድ ቁና» አለች፤ ልማድ ነውና አስከትላ «ግን ዋስ ያስፈልጋል።»

«ለእማዋይሽ እኔ ዋስ ነኝ» አሉ ጓንጉል።

«ለእርስዎስ? ባዶ ጎተራ ዋስ አይሆንም።»

«እኔ ነኛ» አለች እማዋይሽ።

አባ ደምለው ሳቁ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ፣ ደብሪቱም ሳትወድ ሳቀች። እንግዲህ እማዋይሽ ብትናገር አባ ደምለው ቃላቸውን መለሱ፤ እሳቸው ቢመልሱ ቢያዝን መሰከረ፤ ቢያዝን ቢመሰክር ዘገየ ከጉድጓዱ ወጣ፤ ዘገየ ቢወጣ ዶሮዋ ተገኘች፤ ዶሮዋ ብትገኝ ጎተራው ጮኸ፤ ጎተራው ቢጮኽ ጉድጓዱ ተከፈተ፤ ጉድጓዱ ቢከፈት ገብሱ ተሰፈረ። አንድ ቁና፣ አፉ ድረስ። ገብሱ ተቆላ፣ የወንዙ ወፍጮም ዞረ።

በማግስቱ የእማዋይሽ ልጆች ለጨዋታ ሊወጡ ሲሉ እናታቸው እንደ ልማዷ እጇን ወደ ቀንዱ ሰደደች፤ ከዚያ ተወችው። ልጆቹ በሶ የነካው አፋቸውን ሳይጠርጉ ሮጠው ወጡ። በመንገድ ያገኛቸው ሰው «ደግሞ ዛሬ ምን በላችሁ?» ብሎ በጎን ጠየቃቸው።

«በሶ» አለ ትንሹ። «ቤታችን አልቆብን ከደብሪቱ ተበድረን። አያ ጓንጉል ናቸው ዋሳችን።»

ተረቴ እዚህ አለቀ። አፌን አብሱልኝ አልላችሁም፤ በሶው እንዳለ ይታይ።