ሳትቀምስ የመረጠችው ወይን ጠጅ

ነገሩ ስለቆየ ዓመቱንና የሰፈሩን ስም ላምታታ እችላለሁ፤ ድሬዳዋ መሆኑን ግን አልጠራጠርም።

ግራዝማች ይመኑ በሚባሉ ባለጸጋ ቤት፣ ግብዣ በሆነ ቁጥር መጠጡን የምትመርጥና የምትቀዳ አንዲት አሳላፊ ነበረች። ሴትዮዋ ዘወትር የምትገዛው ከሁለት ዓይነት የወይን ፍሬ የተቀላቀለ፣ ዋጋው ኪስ የማይጎዳ የእስፓኝ ቀይ ወይን ጠጅ ነበር። እንግዶቹም ይወዱታል። አንድ ቀን ግን ሴትዮዋ በስለት ምክንያት መጠጥ እንደማትቀምስ ግራዝማች ሰሙና በእንግዶቻቸው ፊት ጠሯት።

«ሳትቀምሺ ነው እኔ ቤት ቅልቅል የምታመጪው? ይኸው፣ ከእነዚህ ሁለት ብርጭቆዎች በአንዱ ያለው ከፈረንሳይ ያስመጣሁት ውዱ ነው፣ በሌላው ያንቺ ርካሽ። ለይተሽ ካላወቅሽ ለልጄ ሠርግ እዚህ ቤት ድርሽ እንዳትዪ!»

ሴትዮዋ ክው አለች፤ ሙሽራዋን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። ቢሆንም ፈገግ ብላ፣ «እንግዲያው ጌታዬ፣ እርስዎ ይቅመሱልኝ» አለች።

ግራዝማች ምልክት ላለመስጠት ሁለቱንም እኩል አደነቁ። አንዱን ጎንጨት፣ ሌላውን ጎንጨት እያሉ ስለ ወይን ጠጅ ረዥም ንግግር አደረጉ። ሲያበቁም፣ «በይ እንግዲህ፣ ለዪ!» አሏት።

«ያመሰገኑት ሁለቱንም ነው» አለች፣ ወደ ባዶው ብርጭቆ እየጠቆመች፤ «የጨረሱት ግን የእኔን ነው።»

ወሬያቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በሠርጉ ዕለት ነው። ግራዝማች ስለ ፈረንሳይ እያወሩ ብርጭቆአቸውን ወደ እሷ ይዘረጉ ነበር አሉ።