የአህያዋን ሸክም ያቀለለው ማግኒዥየም

ተረት ተረት! «የባለእጅ ቤት!» በሉኝ።

ድሮ፣ ብረት ከሰው ጋር በሚያወራበት ዘመን፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለች መንደር ምንይችል የሚባል ባለእጅ ነበር። አንዲት አህያም ነበረችው። በመንደሯ ሰው ሲታመም፣ ምንይችል በብረት የሠራውን ወንበር አህያዋ ላይ ጭኖ፣ በሽተኛውን አስቀምጦ፣ ቁልቁል ወደ ሐኪም ይወስድ ነበር። ወንበሩ ግን ከበሽተኛው ይከብዳል። የአህያዋ ጀርባ ቆሰለ፤ ጉልበቷም ከዳት። አንድ ቀን መንገድ ላይ ወደቀች።

«ከእንግዲህ አትረባም፤ ነገ ለጅብ ትለቀቅ» አሉ ጎረቤቶች።

አህያዋ ደጃፍ ቆማ አለቀሰች። በምንይችል ቤት ጥግ የተጣለ፣ ማግኒዥየም የሚባል ብረታ ብረት ሰማት። ማግኒዥየም ከቅለቱ የተነሳ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው ነበር።

«ምንይችል፣ ወንበሩን ከእኔ ሥራው» አለ።

ብረት ሳቀ። «አንተ? ነፋስ የሚወስድህ?»

ምንይችል ግን ለአህያዋ ሲል እሺ አለ። ወደ መጭመቂያው ወሰደው። መጭመቂያው ብረታ ብረትን በጠባብ ቀዳዳ እየገፋ ረጅም ዘንግ አድርጎ ያወጣል።

ሳይሞቅ ገፋው፤ ማግኒዥየም ተሰነጠቀ።

አሙቆ፣ ቸኩሎ ገፋው፤ ገላው ሁሉ ተተለተለ።

«ብቻዬን አልቻልኩም» አለ ማግኒዥየም። እዚያው ቤት ያሉትን ሌሎች ብረታ ብረቶች፣ አሉሚኒየምንና ዚንክን ለመናቸው። «ወንድሞቼ፣ ጥቂት ጥቂት ግቡልኝ፤ እንዳልሰበርም፣ እንዳልከብድም።»

«ለአህያዋ ከሆነስ እንገባለን» አሉ።

ማግኒዥየም እሳት ከያዘው ነዶ ያልቃልና፣ ምንይችል አየር እንዳይነካው ከድኖ ሦስቱን አብሮ አቀለጠ። ሲረጋ ለዘብ አድርጎ አሞቀው።

«አሁን አንቸኩልም» አለ መጭመቂያው። ቀስ... ቀስ... ቀስ... አድርጎ ገፋው። ለስላሳ፣ ጠንካራ፣ ቀላል ዘንግ ወጣ! ምንይችልም ከዘንጉ ወንበር ሠራ።

በማግስቱ ጎረቤቶች አህያዋን ሊነዱ ሲመጡ፣ ውባለም የምትባል ሴት ምጥ ይዟት ደረሰች። ምንይችል ወንበሩን ጫነ።

«ጭነኸኛል እንዴ?» አለች አህያዋ፣ ዞር ብላ እያየች።

ውባለምን ይዛ ገደሉን ወረደች፤ አንድም ጊዜ አልተደናቀፈችም። ውባለም በሰላም ተገላገለች። ጎረቤቶችም አፍረው የአህያዋን ቁስል በቅቤ አሹላት።

«ማግኒዥየም ሆይ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ነፍሴን አተረፍካት» አለች አህያዋ።

«ለእኔ ብቻ አትበይ እህቴ፤ ወንድሞቼ ባይገቡልኝ፣ መጭመቂያው ባይታገሠኝ የት እደርስ ነበር?»

አህያዋም ሁሉንም በየተራ አመሰገነች።

አያችሁ ልጆቼ፦ ብቻውን የተሰነጠቀ፣ ሦስት ሆኖ ጠበቀ። እኔ ነገርኩ፣ እናንተ ሰማችሁ፤ ሸክማችሁን የሚያቀልል አይጥፋባችሁ።