የአቶ ልሳነወርቅ ሶፋ

አቶ ልሳነወርቅ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው። ሹመቱን ካገኙ ወዲህ፣ እንግዳ ሲገባ ከመቀመጫቸው መነሳት ትተዋል። ቤታቸው ኢንተርኔት ቢቋረጥባቸው የጥገና ሠራተኛ አስጠሩ። ሴትዮዋ ሳሎን ስትገባ ከሶፋቸው ንቅንቅ ሳይሉ፣ «ጫማሽን በደንብ ጥረጊ» አሏት። ሰላምታቸው ይኸው ነበር።

ሞደሙን አጥፍታ አበራችው። የገመዱን ሁለት ጫፎች ነቅላ መልሳ ሰካች። መብራቱ ግን ያው ቀይ ነው።

«የመሥሪያ ቤትሽ ዝርክርክነት ነው» አሉ አቶ ልሳነወርቅ። «ጥፋቱ የእኛ ነው ብለሽ ጽፈሽ ፈርሚልኝ። እምቢ ካልሽ ለአለቃሽ ደውዬ ዛሬውኑ ከሥራ አስወጣሻለሁ።»

ይህን እያሉ የነፍስ አባታቸው ገቡ። አቶ ልሳነወርቅ «ኖር» ብለው ብድግ ሲሉ የሞደሙ መብራት አረንጓዴ ሆነ። መስቀል ተሳልመው ሲቀመጡ ተመልሶ ቀላ። ሠራተኛዋ ጎንበስ ብላ ብታይ፣ የሶፋው እግር ገመዱን ተጭኖታል።

«እህ፣ ትፈርሚያለሽ ወይስ ልደውል?» አሉ አቶ ልሳነወርቅ ስልካቸውን አንስተው።

«መስመሩስ ደኅና ነው፣ ጌታዬ» አለች ሠራተኛዋ መሣሪያዋን እየሰበሰበች። «ገመዱ የተጨፈለቀው ከሶፋዎ ሥር ነው። ለአባ እንደተነሱላቸው ለእኔም ብድግ ብለውልኝ ቢሆን ኖሮ፣ ገና ከበሩ ላይ ጠግኜልዎት እመለስ ነበር።»