ከበዓሉ በኋላ የወጣችው

እህቴ ይመናሹ፣ እናታችንን ሰባት ወር ያስታመምሻት አንቺ ነሽ። በአርባዋ ዕለት ግን ዘመድ ሁሉ ያስታመምኳት እኔ መስሎት ሲመርቀኝ «አሜን» ብዬ ተቀበልኩ። አሁን እውነቱን ለዘመድ ልናገር ብልሽ፣ «ከስድስት ዓመት በኋላ ምን ይረባል?» አልሽኝ። በምሳሌ ልመልስልሽ።

አንዲት የከተማ ሴት ነበረች። ባሏ ከቀዶ ሕክምናው በሰላም ቢወጣላት፣ በተራራ ላይ ወዳለችው ማርያም በእግሯ ልትሄድ ተሳለች። ባሏ ዳነ። እሷም ወፍራም ጫማ ገዝታ፣ ሻንጣዋን አዝላ ተነሣች። ሁለት ቀን ሄደች። በሦስተኛው ቀን ከአንዲት የገበያ ከተማ ስትደርስ ፀሐዩ በረታባት። አንድ አይሱዙ ቆሞ ነበርና ተሳፈረች። የቀራት የሦስት ቀን መንገድ በአንድ ከሰዓት አለቀ።

ከተራራው ሥር በእግራቸው የመጡ ተሳላሚዎችን እግር የሚያጥቡ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ሴትዮዋም ከእግረኞቹ ጋር ተሰልፋ እግሯን ሰጠች። አሮጊቷ አጥበው ሲጨርሱ ያንኑ ውሃ በእፍኛቸው ጨልፈው የታመመ ጉልበታቸውን ሊቀቡ አጎነበሱ። የመንገደኛ ድካም በረከት አለው ብለው ያምናሉና።

ሴትዮዋ እጃቸውን ያዘች።

«እማማ፣ ይተዉት። እኔ በመኪና ነው የመጣሁት።»

አሮጊቷ እግሯን አገላብጠው አዩት። «እኔስ ይህ ተረከዝ መንገድ ያየ አይመስልም ብዬ ነበር» አሉ። ቢሆንም አዘኑላት፤ በዓሉ ነገ ነውና እዚህ ከደረሰች አይቀር ተሳልማ እንድትመለስ መከሯት።

እሷ ግን ጫማዋን አጥልቃ፣ በወራጅ መኪና ወደ ገበያዋ ከተማ ተመለሰች። አይሱዙው ላይ ከወጣችበት ቦታ ወርዳ በእግሯ ጀመረች። በዓሉ ሲከበር እሷ ገና ሜዳው ላይ ነበረች። ዳገቱን ስትጀምር ከበዓሉ ዘግይቶ ከሚመለስ ሕዝብ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘች።

«እትዬ፣ ታቦቱ ከገባ ቆየ እኮ! ለከርሞው ነው ከአሁኑ የሚገሰግሱት?» አላት አንዱ ቀልደኛ። ጓደኞቹ ሳቁ። መንገድ ለቀቀችላቸውና መውጣቷን ቀጠለች። ስትደርስ ደጁ ጭር ብሏል። ተሳለመችና ስእለቷን አደረሰች።

አየሽ ይመናሹ፣ ሴትዮዋ የተሳለችው ለበዓሉ አልነበረም፤ ለመንገዱ ነው። በዓል ያልፋል፤ ያልሄዱበት መንገድ ግን እዚያው ሆኖ ይጠብቃል። እኔም እንደዚያች ሴት ነኝ። የእናታችን አርባ አልፏል፤ ከመረቁኝም መካከል ዛሬ በሕይወት የሌሉ አሉ። የቀሩት በመጪው እሑድ ሲሰበሰቡ ቆሜ እናገራለሁ። የፈለገ ይሳቅብኝ።

አንቺ ግን ይቅር በይኝ።