የሻሼ እርግጫና የእመት ደብሪቱ ቅባት

ፊታውራሪ ቸኮል የእመት ደብሪቱን ላም፣ ያቺን አንድ ያለቻትን ሻሼን፣ በጠራራ ፀሐይ ከበረቷ ነዱባት። ሰበባቸው «አምና የጠፋችኝ ጊደር ናት» የሚል ነው። አሮጊቶቻችን ሲያወሩልን እመት ደብሪቱ ምላሷ ምላጭ ነበር አሉ። አላለቀሰችም፤ በረቱ አፍ ላይ ቆመችና፣
«አምና ጊደር ሆና ጠፍታ ዘንድሮ የሦስት ጥጃ እናት ሆና ከተገኘች፣ ጌታዬ፣ ምነው የቀሩትንም ከብቶችዎን ባጠፏቸው!»
ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ፊታውራሪ ንዴታቸውን በሻሼ ሊወጡ በከዘራ ቢነርቷት፣ እሷ ደግሞ ማዕረግ የት ታውቃለች፣ ቅልጥማቸውን በእርግጫ ገመሰችላቸው።

ቁስሉ አመረቀዘ። እግራቸው ዱባ አከለ፣ ትኩሳቱ ያንዘፈዝፋቸው ጀመር። አገሩ ለቁስል የሚያምነው የእመት ደብሪቱን የማርና የቅቤ ቅባት ነውና ተጠራች። «ያለ ሻሼ ቅቤ አይሆንም» አለች። ሻሼ ደግሞ ከእሷ በቀር ማንንም አታስነካም! ስለዚህ በየማለዳው እየመጣች የገዛ ላሟን አልባ፣ ወተቱን በቅል ሞልታ ወደ ቤቷ ትወስዳለች።
«አንቺ፣ ለአንድ እግር ይሄ ሁሉ ቅቤ ምን ያደርጋል?» አሏት ፊታውራሪ።
«የትልቅ ሰው እግር እኮ ነው፣ ጌታዬ።»

በዚያ ዘመን በመኳንንት ቤት ጠጅ አሳላፊው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ዋንጫ አያቀርብም። ፊታውራሪም መርዝ ፈርተው «ቅባቱን ቅመሺ!» አሉ። ቀመሰች። አጋፋሪውም «እኔም ለጌታዬ ነፍስ ልጠንቀቅ» ብሎ ጣቱን ነከረ። ማር ነው፣ ለጋ ቅቤ ነው፤ ማን ይተወዋል? ሁለቱ እየተጠነቀቁ የማሰሮው ቂጥ ታየ።
«ምን እየሆናችሁ ነው?» ብለው ጮኹ ቁስለኛው።
«መርዝ እንደሌለበት አረጋግጠናል፣ ጌታዬ፤ አሁን ቅባት እንደሌለበት እያረጋገጥን ነው» አለች ደብሪቱ።

በማግስቱ ሌላ አዘጋጅታ መጣች። ቁስሉን ለብ ባለ ውሃ አጥባ መግሉን ስትጨምቀው ፊታውራሪ ጣራውን የሚያነሳ ጩኸት ለቀቁ። ከራስጌያቸው ገደልኩት የሚሉት የአንበሳ ቆዳ ተሰቅሏል። ቀና ብላ አየችው፤
«ቀስ ይበሉ እንጂ፣ እሱ እንዳይነቃብን!»

እግሩ ዳነ፤ ላሟ ግን አልተመለሰችም። እመት ደብሪቱ ነጠላዋን አደግድጋ ዳኛ ፊት ቆመች፤ ሻሼም ከዳኛው ደጅ ታስራለች። «ምስክር አለሽ?» ቢባል ከየት ይምጣ? ጎረቤቱ ሁሉ የፊታውራሪ ጭሰኛ ነው፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ላሟ ከሄደች የደብሪቱ ቤት ባዶ ነው። ዳኛው ሊፈርዱ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ፊታውራሪ አንዲት ላም የማትበቃቸው ሰው ናቸውና፣ ብድግ አሉ፦
«ገና አላበቃሁም! ይቺ ላም ረግጣኛለች። ባገራችን ወግ ከብቱ ሰው የረገጠበት ባለቤት ቁስለኛውን ያክማል፣ ወይፈንም ይክሳል። ደብሪቱ አክማኛለች፤ ወይፈኔን ታምጣ!»
«ምን ትመልሻለሽ?» አሏት ዳኛው።
እመት ደብሪቱ እጅ ነሳች፤ የላሟን ገመድ እየፈታችም፣
«ምስክሬ እሳቸው ናቸው፣ ጌታዬ ዳኛ! ወይፈኑን ስትወልድ እልክላቸዋለሁ፤ ነይ ሻሼ፣ ወደ ቤታችን!»